የቆቦ ዋልካ ያስተማረኝ የወለል ሂሳብ

ስልክ ልቀይርበት ያጠራቀምኳት ትንሽ ገንዘብ ነበረችኝ። ባለፈው በጋ ቆቦ ቤተሰብ ጋ ስሄድ እናቴ ጓዳ ውስጥ ተንበርክካ ወለሉን በእበት ስትለቀልቅ አገኘኋት። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። «ተይው እማ፣ ሊሾ እናስደርገዋለን» ስላት ቀና ብላ አየችኝና «እንደ ሳሎኑ እንዳይሆን ብቻ» አለችኝ።

አፈርኩ። የሳሎኑ ጥፋት የኔ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ወጪ ልቀንስ ብዬ ግንበኛውን «ሲሚንቶውን ቀነስ፣ አሸዋውን ጨመር አድርገው» ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ሊሾው የፈሰሰው ጥቁሩ አፈር ላይ በቀጥታ ነው። አንድ ክረምት አለፈና ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። እናቴ በጠረገች ቁጥር አቧራ የሚነሳው ከሲሚንቶው ሆነ።

ዘንድሮ የሰፈራችንን አንጋፋ ግንበኛ ለመንኳቸው። ገና ከበሩ ሳይገቡ «ስማ ልጄ፣ ሲሚንቶ ላይ አትቆጥብ። ቁጠባው ያለው ከሥር ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የራያ ሜዳ ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ላዩ ላይ ያለው ሊሾም አብሮት ይሰነጠቃል። ስለዚህ እኔና ወንድሜ ሁለት ቀን ሙሉ ጥቁሩን አፈር ቆፍረን አወጣን። ገረጋንቲ ሞልተን ውሃ እያጠጣን ጠቀጠቅን፣ ከላዩም ድንጋይና ጠጠር ደለደልን። ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለው እዚያው ኪሳችን ቀረ። ግንበኛው የተከፈላቸው ለሙያቸው ብቻ ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡና ካልኩሌተሩን ክፈቱ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር በከረጢት ላውራችሁ። ጓዳችን 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው፣ 16 ካሬ። አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ ቢፈስ ባለ 50 ኪሎው 5 ከረጢት ገደማ ይበላል። ከሥር ያለው ድልዳል ወጣ ገባ ከሆነና ጉድጓዱን በሊሾ እንሙላው ካላችሁ ግን ውፍረቱ በአማካይ 5 ሳንቲ ሜትር ይደርስና 8 ከረጢት ገደማ ይሆናል። ሦስት ከረጢት ለጉድጓድ ማለት ነው! ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት ገመድ ወጥሮ ድልዳሉን ማስተካከል ሦስት ከረጢት ያተርፋል። በስልክ አፕ ልለካ ብዬ ነበር፤ ግንበኛው ስቀው ውሃ የሞላበት ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰጡኝ። በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ይቆማል፤ እሱ አይዋሽም።

አሸዋውን ከጎረቤት ጋር ሆነን አንድ ሲኖትራክ ተካፈልን። ከመግዛታችን በፊት ግን ፈተንነው። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ግማሽ ድረስ አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ናጡትና አሳድሩት። ጠዋት ከአሸዋው በላይ የጭቃ ሽፋን ታያላችሁ። ሽፋኑ ከአሸዋው ቁመት 6 ከመቶ ካለፈ አሸዋው ወይ ይታጠብ ወይ ይቅር። ጭቃ ያለበት አሸዋ የሲሚንቶውን ጉልበት ይበላዋል።

ስለ ሲሚንቶው አይነትም ልንገራችሁ። ለቤት ሊሾ ፒፒሲ የሚባለው ይበቃል። ኦፒሲ በዋጋ ይወደዳል፣ ቦታውም ምሰሶና ሶሌታ ላይ ነው። ፒፒሲ የሚፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውሃ ማጠጣቱ ቢያንስ 7 ቀን፣ ቢቻል 10 ቀን መቀጠል አለበት። በቆቦ ሙቀት ደግሞ ሊሾ ጠዋት ፈስሶ ከሰዓት ይነጣል፤ ያኔ «ደርቋል» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የማሽላ ጆንያ አርጥበን ሸፈንነው፣ እናቴ ጠዋትና ማታ ውሃ ታርከፈክፍበት ነበር። ከሥራው ሁሉ ብዙም ወጪ የሌለው ይሄ ነው፤ ሳሎኑ ላይ የዘለልነውም ይሄንኑ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ሴራሚክ ነበር። ግንበኛው ግን «ሴራሚክም ቢሆን ከሥሩ ይሄንኑ ይፈልጋል። ዛሬ ሊሾውን በደንብ አድርግ፣ ስታገኝ ከላዩ ታለብሰዋለህ» አሉኝ። ለወጣት ደሞዝተኛ ትክክለኛው ምክር ይሄ ይመስለኛል። ቤት በአንዴ አያልቅም፣ ግን የተሠራው እንዳይፈርስ ሆኖ ይሠራ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ስደውል የጠየቅኳት ስለ ወለሉ ነው። «ደህና ነው፣ ምንም አላለም» አለችኝ፤ ቀጥላም «ሳሎኑስ መቼ ነው?» አለች። ስልኬ እስካሁን መስታወቱ እንደተሰነጠቀ ነው። ይሰንጠቅ፤ ቀጣዩ ተራ የሳሎኑ ነው።