የዱብሮቭኒክ ምክር ቤት የዘወትር ሥራና የ1377 ውሳኔ

ስለ አንድ ከተማ ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን የጦርነቱ፥ የንጉሡና የግንቡ ወሬ ነው። ስለ ውሃ፥ ስለ ሚዛን፥ ስለ ቆሻሻ መውረጃና ስለ እህል ግዥ የተደረገው ምክክር ግን እንደ ተራ ነገር ተቈጥሮ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ይኸው ተራ የተባለው ሥራ ምን ያህል ፍሬ እንዳለው ነው። ለምሳሌ የመረጥናት በአድርያቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለችውን፥ ዛሬ በክሮኤሽያ ግዛት ውስጥ የምትገኘውን የዱብሮቭኒክን ከተማ ነው። ከተማይቱ በቀድሞ ዘመን ራጉሳ ትባል ነበር።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው የለይቶ ማቆያ ሥርዐት፥ በሌላ ስሙ ኳራንቲን፥ በሕግ ተጽፎ በመጀመሪያ ከሚገኝባቸው ከተሞች ቀዳሚዋ ይህች ናት። ያንን ሕግ ያወጣው ግን የሐኪሞች ጉባኤ አልነበረም፤ ስለ እህልና ስለ መንገድ ሲነጋገር የኖረ የከተማ ምክር ቤት ነበር እንጂ። የምናቀርበውም ሐሳብ ይህ ነው፤ ምክር ቤቱ በክፉ ቀን የሠራበት መሣሪያ በደኅናው ቀን ሲሠራበት የቈየው መሣሪያ ነበረ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ካልተገለጠ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ከተማይቱና ምክር ቤቶቿ

ዱብሮቭኒክ ከበስተኋላዋ ድንጋያማ ተራራ፥ ከፊቷ ባሕር ያለባት ጠባብ ከተማ ናት። በ14ኛው መቶ ዓመት በቅጥሯ ውስጥ ይኖር የነበረው ሕዝብ ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር። የሚታረሰው መሬቷ ለሕዝቧ ቀለብ አይበቃም፤ ስለዚህ የምትኖረው በንግድ ነበር። ከባልካን አገሮች ብር፥ እርሳስ፥ ቆዳና ሰም በፈረስ ተጭኖ ይመጣላታል፤ እርሷም ይህን በመርከብ ወደ ኢጣልያ ትልካለች። በምላሹም ጨውና ጨርቅ ወደ ተራራው አገር ታስገባለች።

ከ1205 እስከ 1358 ድረስ የቬኒስ ሹም ይቀመጥባት ነበር። በ1358 ቬኒስ ከለቀቀቻት በኋላ የሀንጋሪን ንጉሥ የበላይነት ተቀብላ፥ የውስጥ አስተዳደሯን ግን በራሷ እጅ አደረገች። ይህም ሥርዐት ፈረንሳዮች በ1808 እስኪሽሩት ድረስ ቈየ።

አስተዳደሩ በሦስት ምክር ቤቶች የተከፈለ ነበር። ከሁሉ የሚሰፋው ታላቁ ምክር ቤት ሲሆን፥ ዕድሜያቸው የደረሰ የመኳንንት ወገን ወንዶች ሁሉ አባሎቹ ነበሩ። ሁለተኛው የሴናቶ ጉባኤ ነው፤ አባሎቹ በላቲን ቋንቋ «ሮጋቲ» ይባሉ ነበር፤ ትርጓሜውም ምክር የተለመኑ ማለት ነው። ሦስተኛው ታናሹ ምክር ቤት የዕለት ተዕለቱን ጉዳይ የሚያስፈጽም ሲሆን፥ 11 አባሎች ነበሩት፤ ከተማይቱን ካፈረሰው ከ1667 የምድር መንቀጥቀጥ በኋላ ግን ቍጥራቸው 7 ሆነ።

የአስተዳደሩ ራስ ሬክተር ይባላል። የሬክተሩ ዘመነ ሥልጣን አንድ ወር ብቻ ነበር። በዚያ ወር ከቤተ ሰቡ ተለይቶ በመንግሥቱ ቤት ይቀመጣል፤ ለመንግሥት ሥራ ካልሆነ በቀር ከዚያ አይወጣም፤ ወሩ ሲያልቅም ለሁለት ዓመት ያህል ተመልሶ አይመረጥም። ይህ ሁሉ የተደረገው ሥልጣን ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቤት እንዳይጣፍጥ ተብሎ ነው። ሰው በየወሩ በሚለዋወጥበት አስተዳደር ውስጥ ግን የማይለዋወጥ አንድ ነገር ማስፈለጉ ግልጥ ነው። ያም የማይለዋወጠው ነገር መዝገቡ ነበር።

፪. የዘወትር ሥራ

ከተማይቱ ሕጓን በ1272 በ8 መጻሕፍት ከፍላ አጻፈች። ከ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ የምክር ቤቶቹ ቃለ ጉባኤ በላቲን ቋንቋ እየተጻፈ ተቀምጧል። ቃለ ጉባኤው ንግግር አያበዛም። ምን ሐሳብ እንደ ቀረበ፥ ስንት ሰው እንደ ተገኘ፥ ስንቱ እንደ ደገፈ፥ ያላከበረው ምን እንደሚቀጣ ይጽፍና ያልፋል። ይህን መዝገብ ገልጦ ለሚያነብ ሰው የከተማይቱ ጭንቀት ሁሉ ይታየዋል።

ከጭንቀቱ ሁሉ የሚበልጠው የእህል ነገር ነበር። ስንዴ ከደቡብ ኢጣልያ፥ ከሲሲልያና ከሌላም አገር በመርከብ ይገዛል። ስለዚህ ማን ሄዶ እንዲገዛ፥ በምን ዋጋ ለሕዝብ እንዲሸጥ፥ በየትኛው ጎተራ እንዲገባ መወሰን የማያቋርጥ ሥራ ነበር፤ ለዚሁም ጉዳይ የተለዩ ሹማምንት ይሾሙ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የጨው ነገር ይመጣል። ከተማይቱ ስቶንን ከ1333 ጀምሮ በእጇ ካደረገች በኋላ በዚያ ያለው የጨው ማውጫ ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆነላት፤ የጨውም ሽያጭ በመንግሥት ቍጥጥር ሥር ነበር።

ስለ ቤት አሠራርም ሕግ ወጥቶ ነበር። በ1296 ከተነሣው እሳት በኋላ የመንገዶቹ ስፋትና የቤቶቹ አሰላለፍ በሕግ ተወሰነ፤ በቤቶቹ ጀርባና ጀርባ መካከልም የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ተተወ። ከውጭ አገር፥ በተለይም ከኢጣልያ፥ ሐኪሞችን በደመወዝ መቅጠርም የምክር ቤቱ የተለመደ ሥራ ነበር።

ይህ ልማድ በኋላ ዘመንም እየሰፋ ሄደ። ሕዝቡ የዝናም ውሃ በጕድጓድ እያጠራቀመ ይኖር ስለ ነበር፥ በ1436 ምክር ቤቱ ኦኖፍሪዮ ዴላ ካቫ ከሚባል የኢጣልያ መሐንዲስ ጋር ተዋውሎ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቅ ምንጭ ውሃ በቦይ አስመጣ። ከ1542 እስከ 1590 ባለው ጊዜ ደግሞ «ሩፔ» የሚባለውን ጎተራ አሠራ፤ ይህም 15 የእህል ጕድጓዶች በዐለት ውስጥ የተፈለፈሉበት ሕንፃ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በተሠራው በስፖንዛ የጉምሩክ ቤት የሚዛኑ ቦታ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍም፥ ዕቃ የሚመዝን ሰው እርሱ ራሱ በፈጣሪ ሚዛን እንዳለ ያሳስባል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ተደጋግመው የሚታዩ አራት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የተወሰነ ቦታ፥ የተወሰነ ጊዜ፥ ከሹም የሚገኝ ፈቃድና የተቈረጠ መቀጫ ናቸው። ስንዴውም፥ ጨውም፥ ሕንፃውም የሚገዛው በእነዚህ ነበር።

፫. የ1377 ውሳኔ

በ1348 «ጥቁር ሞት» የተባለው ቸነፈር ዱብሮቭኒክ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተመላለሰ። የዚያን ዘመን ሐኪሞች በሽታው ከተበላሸ አየር እንደሚመጣ ያስተምሩ ነበር። ተሐዋስያን ምን እንደ ሆኑ የሚያውቅ አልነበረም፤ የቸነፈሩ ባክቴሪያ የተገኘው በ1894 ነው። ምክር ቤቱ ግን በዐይኑ ያየውን ያውቅ ነበር፤ በሽታው የሚገባው ከታመመ አገር ከሚመጡ ሰዎች ጋር ነበር።

ችግሩ ይህን ካወቁ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ነው። በሩ ቢከፈት ቸነፈር ይገባል፤ በሩ ቢዘጋ ስንዴና ንግድ ይቀራል። በንግድ ለምትኖር ከተማ ሁለቱም ሞት ነው።

በሐምሌ ወር 1377፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 27 ቀን፥ ታላቁ ምክር ቤት ተሰበሰበ። በጉባኤው 47 ሰዎች እንደ ተገኙ ተጽፏል። ጉዳዩ በሦስት ተከፍሎ፥ ለእያንዳንዱ ድምፅ ተሰጠበት።

የመጀመሪያው፥ ከተማይቱ ተወላጅም ሆነ እንግዳ፥ ቸነፈር ካለበት ቦታ የሚመጣ ሁሉ በመርካን ደሴት ወይም በጻቭታት አንድ ወር ቈይቶ ካልጠራ በቀር ወደ ራጉሳና ወደ ግዛቷ እንዳይገባ የሚል ነው። ይህን 34 ሰዎች ደገፉት።

ሁለተኛው፥ የከተማው ሰው በዚያ ወዳሉት ሰዎች እንዳይሄድ፤ የሄደ ቢኖር እርሱም በዚያው አንድ ወር እንዲቀመጥ፤ ምግብና የሚያስፈልጋቸውን የሚያደርሱም ለዚሁ ከሚሾሙት ሹማምንት ፈቃድና ትእዛዝ ሳይቀበሉ እንዳይሄዱ የሚል ነው። ይህን 44 ሰዎች ደገፉት።

ሦስተኛው፥ ትእዛዙን ያፈረሰ ሰው 50 ይፐርፐር እንዲከፍል፥ ከፍሎም ትእዛዙን ከመፈጸም እንዳይድን የሚል ነው። ይህን የደገፉት 29 ብቻ ናቸው። ይፐርፐር የከተማይቱ የገንዘብ መቍጠሪያ ሲሆን 12 ግሮሶ ነው።

እነዚህን ሦስት ቍጥሮች ማስተያየት ይጠቅማል። በደሴቱ ያሉትን ከከተማው ሰው መለየት ሁሉም ሊባል በሚችል ድምፅ ጸደቀ። መጪውን አንድ ወር ማቈየት ግን 13 ድጋፍ ጐደለው፤ የገንዘቡ መቀጫ ደግሞ 18። የታላቁ ምክር ቤት አባሎች ራሳቸው ነጋዴዎች፥ የነጋዴዎችም አባቶችና ወንድሞች ነበሩ። «ተወላጅም ሆነ እንግዳ» የሚለው ቃል የገዛ ልጆቻቸውንና የገዛ መርከቦቻቸውን እንደሚያስቆም ያውቁት ነበር። ሕጉ በሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ ደጋፊው ብዙ፥ በራስ ኪስ ላይ ሲወድቅ ደጋፊው ጥቂት መሆኑ በየትኛውም ጉባኤ የሚታይ ጠባይ ነው። የሆነ ሆኖ ሦስቱም በአብላጫ ድምፅ አለፉ።

ደግሞም አዲስ የሆነው ሐሳቡ እንጂ መሣሪያው እንዳልሆነ ልብ እንበል። ቦታው መርካንና ጻቭታት፥ ጊዜው አንድ ወር፥ ፈቃዱ ከሹማምንቱ፥ መቀጫው 50 ይፐርፐር ነው። ከላይ ስለ ስንዴና ስለ ጨው ከተናገርናቸው አራት ነገሮች አንድም የተጨመረ፥ አንድም የጐደለ የለም። በሩን ጨርሶ ከመዝጋትና ጨርሶ ከመክፈት መካከል ሦስተኛ መንገድ የተገኘው በዚህ ዐይነት ነው። ቀለብ ለሚያደርሱት ፈቃድ መታሰቡም፥ ያን ትእዛዝ ያወጡት ሰዎች ሰው ማስቈም ብቻ ሳይሆን ማብላትም የለመዱ መሆናቸውን ያስረዳል።

፬. ከውሳኔው በኋላ

የ1377 ውሳኔ የተናገረው ስለ ሰው እንጂ ስለ ዕቃ አልነበረም። በ1397 ምክር ቤቱ ጉዳዩን እንደ ገና አንሥቶ ሕጉን አሻሻለ፤ ቸነፈር ካለበት አገር ስንዴ፥ ፍራፍሬና ጨርቅ እንዳይገባ ከለከለ፤ በምልየት ደሴት የነበረውንም ገዳም ከማቆያዎቹ ቦታዎች አንዱ አደረገው። ሥራውን የሚቈጣጠሩ የጤና ሹማምንትም ተሾሙ። የማቆያው ጊዜ በብዙ ወደቦች እየቈየ 40 ቀን ሆነ፤ «ኳራንቲን» የሚለው ስም ዐርባ ከሚለው የኢጣልያ ቃል የመጣ ነው። ዱብሮቭኒክም በዳንቼ፥ በኋላም ከምሥራቁ በር ውጭ በፕሎቼ የማቆያ ቤቶችን ሠራች፤ የፕሎቼዎቹ ሕንፃዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

ሕጉ ቸነፈሩን ፈጽሞ አላስቀረውም። በ1526 እና በ1527 ከተማይቱ እጅግ ተጐድታ፥ አስተዳደሩ ራሱ ለጊዜው ከቅጥር ውጭ ወደ ግሩዥ መዛወር ግድ ሆኖበት ነበር። ቢሆንም ሕጉ በየጊዜው ታርሞ መቀጠሉ፥ ምክር ቤቱ የቀድሞውን ውሳኔ ከመዝገብ እያወጣ ጉድለቱን ይመረምር እንደ ነበር ያሳያል።

፭. ድምፅ ያልነበራቸው

ይህን ስንል የዱብሮቭኒክን አስተዳደር ያለ ነቀፋ ለማመስገን አይደለም። ታላቁ ምክር ቤት ከ1332 ወዲህ በተወሰኑ የመኳንንት ቤቶች ብቻ የተዘጋ ነበር። መርከበኛው፥ የእጅ ሠራተኛው፥ ገበሬውና ሴቶች ሁሉ ድምፅ አልነበራቸውም። በደሴት ላይ አንድ ወር መቀመጥ ሀብት ላለው ነጋዴ የትርፍ መቅረት ነው፤ በቀን ሥራ ለሚኖር ሰው ግን የቤተ ሰቡ ረኀብ ነው። ይህ ሰው 34 ሆነው እጁን ከያዙት መካከል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ያው መዝገብ ለተናቁት ሰዎች የታሰበበትንም ጊዜ ይዞ ቈይቷል። በ1416 ምክር ቤቱ ሰውን እንደ ሸቀጥ መነገድን አሳፋሪና ጸያፍ ሥራ ነው ብሎ ከለከለ፤ ይህ ንግዱን ነካ እንጂ በቤት ውስጥ ያለውን ባርነት ሁሉ በአንድ ቀን አላጠፋም። በ1432 ደግሞ በየመንገዱ የሚጣሉ ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት እንዲቋቋም ወሰነ። እነዚህም ውሳኔዎች የተጻፉት ስለ ውሃና ስለ ስንዴ በተጻፈበት በዚያው መዝገብ ነው።

ማጠቃለያ

በ2012 ዓመተ ምሕረት በአገራችን አቈጣጠር፥ የኮቪድ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፥ ከውጭ አገር የሚገባ መንገደኛ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቈይ በኢትዮጵያም ታዞ ነበር። ያን ጊዜ የት ይቀመጥ፥ ስንት ቀን ይቈይ፥ ቀለቡን ማን ይክፈል፥ የተላለፈውስ ምን ይቀጣ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ተነሥተዋል። እነዚህ በ1377 በ47 ሰዎች ፊት የቀረቡት ጥያቄዎች ናቸው፤ የሕክምና ዕውቀት ቢያድግም የአስተዳደሩ ጥያቄ አልተለወጠም።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደርን ለምናጠና ተማሪዎች ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ በችግር ቀን ጥሩ ሕግ የሚያወጣ ጉባኤ በደኅናው ቀን ስለ ሚዛንና ስለ ቦይ በትክክል መወሰን የለመደ ጉባኤ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የመዝገብ ጥቅም ነው። የዱብሮቭኒክ ቃለ ጉባኤ ዛሬ በዚያችው ከተማ፥ በቀድሞው የጉምሩክ ቤት በስፖንዛ ተጠብቆ ይገኛል። ጸሓፊው ውሳኔውን ብቻ ጽፎ የድምፁን ቍጥር ቢተው ኖሮ፥ የ1377 ሕግ በአንድ ልብ የወጣ ይመስለን ነበር። የየከተማችን ማዘጋጃ ቤቶች ቃለ ጉባኤም በዚህ ዐይን ሊነበብ ይገባዋል፤ በተለይም ከውሳኔው አጠገብ የሰፈረው የድምፅ ቍጥር።