ሐምበሪቾን ከመውጣትዎ በፊት

«ዶክተር፣ ከልጆቼ ጋር ሐምበሪቾን ልወጣ ነው፤ ግፊቴ ይፈቅድልኛል?» ሲሉ የጠየቁኝ ሞርሲቶ ለክትትል የሚመጡ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ እናት ናቸው። ብዙዎች የሚጠይቁት ከታመሙ በኋላ በመሆኑ ጥያቄያቸው አስደሰተኝ።

ከዱራሜ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የሐምበሪቾ ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የከምባታ ሕዝብ «ሐምበሪቾ ላማላ»፣ ማለትም ሰባቱ የሐምበሪቾ ጎሳዎች፣ እያለ ራሱን የሚጠራበት የታሪክ ስፍራ ነው። ዛሬ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለት ጎብኚዎች ይወጡታል።

በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል አንጻር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ደጋ የለመደ ሰው ብዙም ላይቸገር ይችላል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን ቶሎ ይደክመዋል።

የደም ግፊት ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ይለካ፤ መድኃኒቱንም አያቋርጥ። ልኬቱ 180/110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዞውን አራዝሞ ሐኪም ያማክር። የስኳር ሕሙማን መድኃኒታቸውን፣ ምግብና ጣፋጭ ነገር ይያዙ። ፍጥነትዎን በንግግርዎ ይለኩ፤ እየወጡ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎ ቆም ብለው ይረፉ። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ወይም በዕረፍት የማይሻል የትንፋሽ እጥረት ከተሰማዎ «ድካም ነው» ብለው አይለፉት፤ መውጣቱን አቁመው ሰው ይጥሩ፤ በፍጥነትም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። መውረዱ ጉልበትን ስለሚጎዳ በትር አይለይዎ።

ሌላው ጫማ ነው። በአካባቢያችን ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ሊይዘው ይችላል። ረቂቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳሉ። በሽታው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል።

እኚህን እናት ግፊታቸውን ለክቼ «ይውጡ፤ ከልጆቹ እኩል ለመሮጥ ግን አይሞክሩ» አልኳቸው። ሊወጡ ሲሉ አንድ ነገር አከልኩ፦ «ትንሹ ልጅዎም ጫማውን ያድርግ፤ ለተራራው ብቻ ሳይሆን ለየቀኑ።»