የግቢው ዋንዛ

ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው የቆየውን ግቢ ከአዲሱ የሚለየው በቤቱ አይደለም፤ ቤት ይታደሳል፣ ቆርቆሮ ይቀየራል። የሚለየው በዛፉ ነው። ባህር ዛፍና ግራቪሊያ ብቻ የሚታይበት አጥር አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ነው። ከጣሪያው በላይ ዋንዛ ተንሰራፍቶ፣ ከጓሮው ብሳና ወይም ሾላ ብቅ ብሎ ከታየ ግን በዚያ ግቢ ከአንድ በላይ ትውልድ ኖሯል።

ዋንዛ ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 2,600 ሜትር ባለው ከፍታ ይበቅላል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ሁለቱም ከተሞች የተመሠረቱት ዋንዛ ደስ ብሎት በሚያድግበት ምድር ላይ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ነጭ አበባው ዛፉን ያለብሰዋል፤ ንብ አይለየውም። ዝልግልጉ ቢጫ ፍሬ ሲበስል ልጆች ከሥሩ ይሰበሰባሉ። እንጨቱ በቀላሉ ስለሚጠረብና ስለማይሰነጠቅ በርና መስኮት፣ ወንበር፣ ሙቀጫ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይሠራበታል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው በጃቢ ጠህናን ወረዳ ገጠር የጓሮ ቡና የሚተከለው ከእሱ ጥላ ሥር ነው። ቅጠሉ በበጋ ሲረግፍ አፈሩን ያለብሰዋል።

እንዲህ ያለ ዛፍ ከአናቱ መድረቅ ሲጀምር ጎረቤት ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «አረጀ»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዛፉ የተገደለው ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በፊት ነው፤ የገደለውም ሰው ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ቀርቷል። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለዚህ መዘግየት ስል ነው። ትልቅ ዛፍ በግንዱና በሥሩ ያጠራቀመው ምግብ አለው፤ ሥሩ ሲቆረጥበት ወይም ሲታፈንበት ያንን እየበላ ዓመታት ይቆማል፣ ያለመልማል፣ ያብባልም። ስንቁ ሲያልቅ ይደርቃል። ያኔ ጥፋቱንና ሞቱን የሚያገናኝ ሰው አይገኝም።

ጥፋቱ የሚፈጸመው ከመሬት በታች ነው። የዛፍ ሥር የቅርንጫፉን ያህል ቁልቁል የሚወርድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእውነቱ ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት በላይኛው ስልሳ ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ወደ ጎንም ከቅርንጫፉ ጥላ አልፈው በጣም ርቀው ይሄዳሉ። እነዚህ ሥሮች ይተነፍሳሉ፤ አየር የሌለው አፈር ይገድላቸዋል። እንግዲህ ባለፉት ዓመታት በግቢያችን ምን እንደተሠራ እናስብ። ከተማው ሲሰፋ፣ ቡሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመጣላት፣ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ከአጥሩ ጋር ተሠራ፤ መሠረቱ ሲቆፈር ክንድ የሚያህል ሥር በዶማ ተቆረጠ። ለመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ተማሰ። የተቆፈረው አፈር የሚጣልበት ሲጠፋ ዛፉ ሥር ተከመረ፤ ግንዱ እስከ ጉልበት ድረስ ተቀበረ። በመጨረሻም ግቢው ጭቃ እንዳይሆን ከግንዱ ጥግ እስከ በሩ ሊሾ ተደረገ። እያንዳንዱ ሥራ ለቤተሰቡ ኑሮ አስፈላጊ ነበር፤ ማንም በክፋት አላደረገውም። ዛፉ ግን አራቱንም በአንድ ላይ ተቀበለ።

ሊሾው ግድ ከሆነ ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር ባዶ አፈር ይተውለት፤ ከዚያ ወዲያ ባለው ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ቢነጠፍ በድንጋዮቹ መካከል ውሃ ይሰርጋል። የተከመረ አፈር ካለ፣ የግንዱ ግርጌ ሰፋ ብሎ ወደ ሥርነት የሚለወጥበት ቦታ እስኪታይ ድረስ በእጅና በትንሽ መኮትኮቻ ቀስ ብሎ ይነሳ። ደግሞ መጥረጊያውን እናስታግስ። ግቢን በየማለዳው ጠርጎ ቅጠሉን ማቃጠል የንጹሕ ቤት ምልክት ሆኖ አድገንበታል፤ ለዛፉ ግን የራሱን ማዳበሪያ መንጠቅ ነው። የረገፈው ቅጠል ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሆኖ፣ ግንዱን ሳይነካ በዙሪያው ቢተው በበጋ እርጥበት ያቆያል፤ የክረምቱ ዶፍም አፈሩን አይደበድበውም።

ከመሬት በላይ፣ በዛፉ አናት ላይ የሚደርሰው ጥፋት ደግሞ የሚመጣው ከባህር ዛፍ ጋር ካለን ትውውቅ ይመስለኛል። ባህር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ወደ አገራችን ገባ። ዛሬ በጎጃም ምሰሶና ማገር፣ ማገዶና የገበያ ብር እሱ ነው። በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ከጉቶው ቢቆርጡት አቆጥቁጦ ይነሳል። እሱን እየቆረጠ ያደገ እጅ ማንኛውም ዛፍ ከአናቱ ቢገመስ የሚታደስ ይመስለዋል። ስለዚህ ዋንዛው ጣሪያ ላይ ሲያጋድል ወይም ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ሲገናኝ፣ መጥረቢያ የያዘ ጎረምሳ ይጠራና «አናቱን ላሳጥረው» ይላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የዛፉ ጉቶ ብቻ ይቀራል።

በቀጣዩ ክረምት ማቆጥቆጡ አይቀርም፤ ይህ ነው የሚያታልለው። አዲሱ ቀንበጥ የተጣበቀው ከግንዱ የላይኛው ሽፋን ጋር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰፊ ቁርጥ እየበሰበሰ ሲሄድ፣ ከዓመታት በኋላ በከባድ ነፋስ ተገንጥሎ ጣሪያው ላይ የሚወድቀው እሱ ነው። አደጋን ለመከላከል የተቆረጠ ዛፍ ከቀድሞው የበለጠ አደገኛ ይሆናል።

የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቁስል አይሽርም። አሌክስ ሺጎ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሺህ የሚቆጠሩ ግንዶችን በሞተር መጋዝ እየሰነጠቀ ውስጣቸውን መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስረዳው ይህ ነው፤ ዛፍ የበሰበሰውን ክፍል አድኖ አይመልስም፣ በዙሪያው ግድግዳ ሠርቶ ያጥረዋል እንጂ። ከዚያ በኋላ አዲስ እንጨት በላዩ ይጨምራል። ያ ግድግዳ ጠንካራ የሚሆነው ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ባለው ያበጠ ቀለበት ነው። ወደ ቀለበቱ አስጠግቶ፣ ግን ሳይነካው የቆረጠ ሰው ዛፉን ረድቶታል። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ የላጠው ሰው መከላከያውን አንስቶበታል፤ ረጅም ጉቶ የተወም ለምስጥና ለብስባሴ በር ከፍቷል።

ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ምት አይወርድም። መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከታች በኩል ሲሶውን ያህል በመጋዝ ይገባበታል፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ ከላይ ይቆረጣል። ክብደቱ ከወደቀ በኋላ የቀረው ጉቶ ከቀለበቱ ውጭ በንጽሕና ይነሳል። የታችኛው ቁርጥ ካልቀደመ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል። መጥረቢያና ገጀራ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ጊዜው ቅጠሉ ረግፎ ደረቁ ከእርጥቡ በግልጽ የሚለይበት በጋ ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ጊዜ ከዛፉ አናት ሩቡን ያህል እንኳ መውሰድ ለሽማግሌ ዛፍ ይበዛበታል፤ የደረቀውን፣ የተሰበረውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ማንሳት ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ቁስሉን ሬንጅ ወይም ቀለም መቀባት አያስፈልግም፤ ብስባሴን አያቆምም፣ አንዳንዴም እርጥበቱን አፍኖ ያባብሳል። የልብስ ማስጫ ሽቦ ግንድ ላይ መጠምጠምም ይቅር፤ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ልጡን ቆርጦ ይገባል፣ ምግብ ወደ ሥር የሚወርደውም በልጡ በኩል ነው።

ግንዱ ውስጡ ባዶ ሆነ ማለት ዛፉ ሞተ ማለት እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ሕይወት ያለው ክፍል የውጭው ነው፤ መሃሉ የተቦረቦረ ሾላ ወይም ዋርካ ለረጅም ዘመን ሊቆም ይችላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ በቅርቡ የጀመረ ማዘንበል፣ በአንድ ወገን የተሰነጠቀ መሬት፣ ከግንዱ ግርጌ የሚወጣ የጅብ ጥላ። እነዚህ ከታዩ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ከሥሩ መኖር የለበትም፤ ዛፉ ቢወደድም መውረድ ካለበት ይወርዳል።

ሕጉ ለግቢ ዛፍ ብዙ አይደርስለትም። ዐዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስማቸው ለይቶ ከልክሎ ነበር፤ በኋላ በሌሎች ዐዋጆች ተተክቷል። በሰው ጓሮ ያለው ዋንዛ ግን ያደረው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። የ1967ቱ ዐዋጅ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ የቀበሌ ካደረጋቸው በኋላ፣ በእነዚያ ቤቶች ግቢ ያሉ ዛፎች ዕጣ ከሁሉም የከፋ ነው። ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላል፣ ቀበሌው ቤቱን እንጂ ዛፉን አይቆጥርም። የከተማ አስተዳደሮች ቤት ሲመዘግቡ ትልልቁን ዛፍም አብረው ቢመዘግቡ እወዳለሁ።

ሽማግሌ ዛፍ ያለ ጣልቃ ገብነት እንዴት እንደሚኖር ማየት የፈለገ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይግባ። እዚያ ዛፎቹ ሥር ሊሾ የለም፣ ቅጠሉ ባለበት ይበሰብሳል፣ ቅርንጫፍ በዘፈቀደ አይቆረጥም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር ታይቷል፤ በእነዚያ ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆይ የዛፍ ዘር ጥቂት ነው። አንድ ዛፍ ሲሞት ከሥሩ የተኛ ምትክ የለም ማለት ነው። ቅጽር ውስጥ ችግኙን ከብት ይበላዋል፤ በየቀኑ በሚጠረግ ግቢ ደግሞ ከፍሬው የበቀለውን መጥረጊያው ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ የአሮጌው ዋንዛ እንክብካቤ ተተኪውን ይጨምራል። ዋንዛ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር አይጠነክርም፤ ችግኙ ከእናቱ ቅርንጫፍ ውጭ፣ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ፣ ከቤቱ መሠረትና ከኤሌክትሪክ ሽቦው ርቆ በሐምሌ ይተከል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ ይፈልጋል፤ ከፍየል የሚከልለው የእሾህ አጥርም ያስፈልገዋል። ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ስለሚወስድበት አሮጌው ገና በሙሉ ጤንነቱ ሳለ መትከል ይሻላል።