ከሩቅ የሚጠራ ሥራ፦ በኮምፒውተሮች መካከል ስለሚጻፍ ውል

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአዲስ አበባ፣ ደብረ ማርቆስ ለሚኖሩት እናቱ በተንቀሳቃሽ ስልኩ 1,000 ብር ይልካል እንበል። «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ስልኩ ጥቂት ከቆየ በኋላ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ አሳየው። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ደግሞ ቢጫን 2,000 ብር ሊወጣበት ይችላል፤ ቢተወው ደግሞ እናቱ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ነው።

የዚህ ጥያቄ መልስ በኔትወርኩ ጥራት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ይልቁንም አገልግሎቱ ሲነደፍ በጠሪውና በተጠሪው ኮምፒውተር መካከል የተጻፈው ውል ይወስነዋል። ይህ ውል በሙያው ቋንቋ ረቂቅ ኢንተርፌስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የውሉን ምንነትና በአነዳደፉ ሊዘነጉ የማይገባቸውን ነጥቦች እንመለከታለን።

የርቀት ጥሪ ምንድን ነው?

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተለይቶ የተቀመጠ የሥራ ክፍል ፕሮሲጀር ይባላል። ስኩዌር ሩት የሚያሰላ ፕሮሲጀር 144ን ተቀብሎ 12ን ይመልሳል፤ ጠሪው ስሌቱ እንዴት እንደ ተከናወነ ማወቅ አያስፈልገውም። ተጠሪው ፕሮሲጀር በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲገኝ ጥሪው የርቀት ፕሮሲጀር ጥሪ ይሆናል። ብሩስ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1981 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ያደረገው በዚህ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ከአንድሩ ቢረል ጋር በመሆን በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማእከል የተሠራውን ሥርዓት የሚያብራራ ጽሑፍ አሳተመ።

በዚህ ሥርዓት ጠሪው ከሩቁ ኮምፒውተር ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። በአጠገቡ አንድ ወኪል አለ። ወኪሉ ጥያቄውን ተቀብሎ በመልእክት መልክ ያሽገዋል፣ ይልከዋልም። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሁለተኛ ወኪል መልእክቱን ፈትቶ እውነተኛውን ፕሮሲጀር ይጠራል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ወኪሎቹን በእጅ መጻፍ አያስፈልግም ነበር፤ ሉፒን የተባለ ፕሮግራም ከኢንተርፌሱ ተነሥቶ ራሱ ያዘጋጃቸው ነበር። ኢንተርፌሱ ከተበላሸ ወኪሎቹም አብረው መበላሸታቸው ከዚህ ግልጽ ይሆናል።

«ምን» እንጂ «እንዴት» አይደለም

ኢንተርፌሱ ረቂቅ የተባለው ምን እንደሚጠየቅና ምን እንደሚመለስ ብቻ ስለሚናገር ነው። ስለ ፕሮግራም ቋንቋው፣ ስለ ኮምፒውተሩ ዓይነትም ሆነ ስለ ሽቦው አይናገርም። ይሁን እንጂ ረቂቅነት ድፍንነት ማለት አይደለም። 1,000 በአራት ባይት ሲጻፍ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች 0፣ 0፣ 3፣ 232 ሆኖ፣ በሌሎች ደግሞ በተገላቢጦሽ 232፣ 3፣ 0፣ 0 ሆኖ ይቀመጣል። የመጨረሻውን ቅደም ተከተል የመጀመሪያው ዓይነት ኮምፒውተር ቢያነበው 3,892,510,720 ይሆንበታል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ ያዘጋጀው ኤክስ.ዲ.አር. የተባለ ደንብ ይህን ችግር የፈታው በመንገድ ላይ የሚጓዘው ቁጥር ሁልጊዜ ትልቁን ባይት እንዲያስቀድም በመወሰን ነበር።

የመለኪያ አሃድም እንዲሁ ነው። ጉዳዩ በፋይል የተደረገ ልውውጥን እንጂ የርቀት ጥሪን የሚመለከት ባይሆንም፣ የማርስ ክላይሜት ኦርቢተር መንኮራኩር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ውሉ የግፊቱ መጠን በኒውተን ሰከንድ እንዲገለጽ ያዝዝ ነበር፤ በምድር ላይ የነበረው ፕሮግራም ግን በፓውንድ ሰከንድ አወጣው። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነው። መንኮራኩሩ እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 ወደ ማርስ ከታሰበው እጅግ ዝቅ ብሎ ቀረበና ጠፋ። ውሉ ተጽፎ ነበር፤ መከበሩን ግን በአግባቡ የፈተሸ አልነበረም።

ርቀት አይደበቅም

እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። ብርሃን በመስታወት ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሚደረግ ጥሪ ግን በጥቂት ናኖ ሰከንድ ያልቃል። ልዩነቱ በሚሊዮኖች እጥፍ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ጥሩ ነዳፊ ስምን ለብቻ፣ አድራሻን ለብቻ፣ ቀሪ ሒሳብን ለብቻ የሚጠይቁ ብዙ ትንንሽ ጥሪዎችን ትቶ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚያመጣ አንድ ጥሪ ያዘጋጃል።

ከመዘግየቱ የሚከፋው ግን አለማወቁ ነው። መልስ ሲቀር፣ ጠፍቶ የቀረው ጥያቄው ይሁን መልሱ ጠሪው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ጂም ዋልዶና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ የሩቁን ጥሪ ልክ እንደ ቅርቡ አስመስሎ ማቅረብ ስሕተት ነው ሲሉ የተከራከሩት በዚህና በመሰል ምክንያቶች ነው።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ

አሁን ውሉን እንንደፍ። «አስተላልፍ» የተባለው ጥሪ ላኪን፣ ተቀባይንና መጠንን ይቀበላል። መጠኑ በሳንቲም የሚገለጽ ሙሉ ቁጥር ይሁን፤ 1,000 ብር 100,000 ሳንቲም ይባላል። ይህ ብቻ ግን ተማሪውን ከጭንቀቱ አያወጣውም። አራተኛ ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም የጥያቄ መለያ ቁጥር ነው።

ስልኩ ገና ከመላኩ በፊት ለጥያቄው አንድ መለያ ይሰጣል፤ ሲደግምም ያንኑ መለያ ይልካል። ሰርቨሩ በዚያ መለያ የተፈጸመ ሥራ ካገኘ ገንዘቡን ዳግመኛ አያንቀሳቅስም፤ የቀድሞውን መልስ ብቻ ይመልሳል። መለያው የሚመዘገበውና ገንዘቡ የሚተላለፈው ባንድነት መሆን አለበት፤ መብራት ቢጠፋ አንዱ ያለ ሌላው እንዳይቀር ነው። እንዲህ ሲሆን ተማሪው ቁልፉን አሥር ጊዜ ቢጫን እናቱ የሚደርሳቸው 1,000 ብር ብቻ ነው። ስልኩ በየሙከራው አዲስ መለያ የሚሰጥ ከሆነ ግን ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በመጨረሻም ውል ያድጋል። አዲስ መስክ ሲጨመር የቆዩ ስልኮች ሥራቸውን ማቆም የለባቸውም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ክፍት ባደረገው ፕሮቶኮል በፈርስ እያንዳንዱ መስክ የራሱ ቁጥር አለው፤ መስኩ ቢሰረዝም ቁጥሩን ለሌላ መስጠት አይገባም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ፕሮግራም ለመጻፍ የምትዘጋጁ ተማሪዎች ሁሉ ኮዱን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና በእያንዳንዱ ጥሪ ፊት «መልሱ ባይመጣስ?» ብላችሁ ጻፉ። ለዚህ ጥያቄ በውሉ ውስጥ መልስ ካላገኛችሁ ንድፉ ገና አላለቀም።