ክሊንከር፦ የሲሚንቶው እና የጀልባው

“ክሊንከር” ሲባል መጀመሪያ ምን ይመጣባችኋል? ዜና የምትከታተሉ ከሆነ “ሲሚንቶ!” ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ከፋብሪካ ምድጃ ወጥቶ፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር መሳይ ነገር ክሊንከር ይባላል። ጀልባ ሠሪዎች ግን በዚሁ ስም የሚጠሩት የአሠራር ዘዴ አላቸው። ታዲያ ሲሚንቶና ጀልባን ምን አገናኛቸው? ምንም!

መጀመሪያ ዘዴውን እንየው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ የአንዱ ቆርቆሮ ጠርዝ በሌላው ላይ ይደረባል አይደል? የክሊንከር ጀልባ ጎንም እንደዚያው ነው። የላይኛው ሳንቃ በታችኛው ጠርዝ ላይ ይደረብና ሚስማር ሁለቱንም በስቶ ያልፋል። ሚስማሩ እንዲሁ ቢተው ማዕበሉ ሲያወዛውዘው ሊላላ ይችላል። ስለዚህ በውስጥ በኩል ብቅ ያለው ጫፉ ይታጠፋል፤ አለዚያም ትንሽ የብረት ቀዳዳ ሳህን ይገባበትና በመዶሻ ይቀጠቀጣል።

ስሙ የተወለደው እዚች ጫፍ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ “ክሊንች” ማለት የሚስማርን ጫፍ አጥፎ ማጥበቅ ነው፤ “ክሊንክ” ደግሞ የዚሁ ቃል የሰሜን እንግሊዝ አነጋገር ነው። የሲሚንቶው ክሊንከር ግን ከደች ቋንቋ የመጣ ሲሆን መነሻው “ማቃጨል” የሚል ትርጉም አለው። በደንብ የተተኮሰ ጡብ ሲመቱት ያቃጭላላ!

ዘዴው ምን ያህል ያረጀ ነው? እ.ኤ.አ. በ1863 ዴንማርክ ውስጥ ኒዳም ከሚባል ረግረግ የወጣው፣ ወደ 23 ሜትር የሚረዝመው የመቅዘፊያ ጀልባ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ዕድሜውም ከ1,600 ዓመት ይበልጣል። የቫይኪንግ መርከቦችም የዚሁ ዘር ናቸው።

የሚገርመው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የጀልባው አፅም ይቆማል ብለን እናስባለን። እዚህ ግን ቆዳው ይቀድማል፤ የጎን አጥንቱ በኋላ ይገባል። ሳንቃዎቹ እርስ በርስ ስለተያያዙ ቅርጹን ራሳቸው ይይዛሉ። በተደረቡበት ቦታ ውፍረቱ እጥፍ ስለሚሆንም ሳንቃው ስስ ቢሆን ችግር የለውም። ውጤቱ ቀላል፣ ማዕበል ሲመታው እንደመተጣጠፍ የሚል ጀልባ ነው።

ተቃራኒው ዘዴ “ካርቨል” ይባላል፦ አፅሙ ይቆምና ሳንቃዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ይመቱበታል። ስሙ “ካራቬል” ከሚባሉት የፖርቱጋል መርከቦች የመጣ ነው። መርከቦች እየገዘፉ ሲሄዱ ካርቨል አሸነፈ፤ ክሊንከር ግን በትንንሽ ጀልባዎች ላይ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኔስኮ የኖርዲክ አገሮችን የክሊንከር ጀልባ ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል።

እንግዲህ ሁለት ቃላት በድምፅ ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው አትበሉ። ሥራው ምን እንደነበር ጠይቁ፤ አንዳንዴ የቃሉ ታሪክ ያለው መዶሻው ጋ ነው።