ኒዮቪም ከውጭ ፕሮግራሞች ጋር እንዴት ይነጋገራል?

ቪምን ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ኮድ ጸሐፊ አንድ ችግር ያውቃል። ፋይሉን ሲያስቀምጥ ስህተት ፈላጊው ፕላጊን ሥራውን ይጀምራል፤ እስኪጨርስ ድረስ ግን ጠቋሚው አይንቀሳቀስም፣ የተጫነው ፊደል ሁሉ ወረፋ ይጠብቃል። ሆላንዳዊው ብራም ሞለናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያወጣው ይህ ኤዲተር እጅግ የተወደደ ቢሆንም፣ ፕላጊኖቹ የሚሠሩት በራሱ ውስጥ ነበር። አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይቆማል።

ብራዚላዊው ፕሮግራመር ቲያጎ ዴ አሩዳ እ.ኤ.አ. በ2014 የቪምን ኮድ መነሻ አድርጎ ኒዮቪም የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረ። ከዋና ዋና ውሳኔዎቹ አንዱ ፕላጊን ከኤዲተሩ ወጥቶ ራሱን የቻለ ፕሮግራም እንዲሆን፣ ከኤዲተሩም ጋር በመልእክት ብቻ እንዲገናኝ መፍቀድ ነበር። ቪምም እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ስምንተኛ እትሙ የራሱን የመልእክት መስመር ይዞ መጣ።

ዘዴው የርቀት ጥሪ ነው፤ ባለሙያዎች አርፒሲ ይሉታል። አንድሩ ቢረልና ብሩስ ኔልሰን በዜሮክስ ፓርክ የሠሩትን እ.ኤ.አ. በ1984 በጽሑፍ ካብራሩ ወዲህ በሰፊው ታውቋል። አንድ ፕሮግራም በሌላው ውስጥ ያለን ትእዛዝ የራሱ እንደሆነ አድርጎ ይጠራል። ከሥር ግን የትእዛዙ ስምና አብረውት የሚሄዱት ዋጋዎች ታሽገው ይላካሉ፣ ውጤቱም ታሽጎ ይመለሳል።

ኒዮቪም መልእክቱን የሚያሽገው ሜሴጅፓክ በሚባለው አጻጻፍ ነው። ጥያቄ አራት ክፍሎች አሉት፦ ጥያቄ መሆኑን የሚናገር 0፣ መለያ ቁጥር፣ የትእዛዙ ስም፣ ከዚያም ዋጋዎቹ። መልስ በ1 ይጀምርና ያንኑ መለያ ቁጥር ይዞ ስህተቱን ወይም ውጤቱን ያመጣል። ብዙ ጥያቄዎች በአንድ መስመር ሲመላለሱ የትኛው መልስ የየትኛው ጥያቄ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ቁጥር ብቻ ነው። ሦስተኛው ዓይነት፣ በ2 የሚጀምረው፣ ማሳወቂያ ነው፤ መለያ ቁጥር የለውም፣ መልስም አይጠበቅበትም።

በእኔ እምነት የፕላጊን ጸሐፊ ትልቁ ችሎታ ጥያቄንና ማሳወቂያን በየቦታቸው ማዋል ነው። ኤዲተሩ ጥያቄ ልኮ መልስ ሲጠብቅ ተጠቃሚውም አብሮት ይጠብቃል፤ የድሮው መቆም በሌላ በር ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ ትልቅ ፕሮጀክት እንደ መፈተሽ ላለ ረጅም ሥራ ማሳወቂያ ይላካል፤ ፕሮግራሙ ሲጨርስ እሱ ራሱ ኤዲተሩን ይጠራል። መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራልና።

ፕላጊኑ በፓይተን፣ በጎ ወይም በሩቢ ቢጻፍ ለኒዮቪም ለውጥ የለውም፤ የሚያየው የሚደርሰውን ባይት ብቻ ነው። ኤዲተሩን የሚያሳየው መስኮት እንኳ ሌላ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል።

ይህ ክፍትነት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመስመሩ የገባ ሁሉ በኤዲተሩ በኩል ማንኛውንም የሼል ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የለም። በዚያው ኮምፒውተር ላይ በሶኬት ፋይል የተከፈተን መስመር የፋይል ፈቃድ ይጠብቀዋል። በኔትወርክ አድራሻ የተከፈተ መስመር ግን ለደረሰበት ሁሉ ክፍት ነው፤ ከሌላ ማሽን መገናኘት የሚፈልግ በኤስኤስኤች በኩል ያሳልፈው።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮልን ሲያስተዋውቅ ሐሳቡ ከአንድ ኤዲተር አለፈ። በዚህ ስምምነት መልእክቱ በጄሶን ይጻፋል። ለአንድ የፕሮግራም ቋንቋ አንድ አዋቂ ሰርቨር ከተሠራ፣ ስምምነቱን የሚያውቅ ኤዲተር ሁሉ ይገለገልበታል። ኒዮቪም እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው እትም 0.5 ጀምሮ ይህን ችሎታ በውስጡ ይዟል።

በፊደላችን ለምንጽፍ ሰዎች ትልቁ ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ነው። ፕሮቶኮሉ በአንድ መስመር ላይ ያለን ቦታ በተለምዶ የሚቆጥረው በዩቲኤፍ-16 አሃድ ነው፤ ኒዮቪም ግን በአብዛኛው በዩቲኤፍ-8 ባይት ይቆጥራል። ለእንግሊዝኛ ፊደላት ሁለቱ ቆጠራዎች እኩል ስለሆኑ ስህተቱ ተደብቆ ይኖራል። «ሰላም» ግን በአንዱ 3፣ በሌላው 9 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የፕሮቶኮሉ እትም 3.17 ኤዲተሩና ሰርቨሩ ገና ሲገናኙ በቆጠራው እንዲስማሙ መንገድ ከፍቷል፤ ካልተስማሙ ግን የሚሠራው ያው ዩቲኤፍ-16 ነው። ስለዚህ ፕላጊን የሚሠራ ሰው በሙከራ ፋይሉ ውስጥ «ሰላም» የሚል ጽሑፍ ያስገባ፣ ከጽሑፉም ቀጥሎ በዚያው መስመር ላይ ሆን ብሎ ስህተት ይሥራ። የስህተቱ ምልክት ከቦታው 6 ባይት ወደ ግራ ከሸሸ ከዩቲኤፍ-16 ወደ ባይት መቀየሩ ተዘሏል።