የማዕድ ቤት ድንጋይና የሎሚ ጠብታ

አዲስ ቤት ሠርቶ ለማጠናቀቅ የተቃረበን ሰው ከሚያስጨንቁት ውሳኔዎች አንዱ የማዕድ ቤቱ ወለልና የሥራ ጠረጴዛው ገጽ በምን ይሸፈን የሚለው ነው። የግድግዳ ቀለም ባይወደድ በሚቀጥለው ዓመት ሊለወጥ ይችላል፤ ንጣፍ ግን አንድ ጊዜ በሲሚንቶ ከተያዘ ሳይሰበር አይነሣም። ይህም ሆኖ ምርጫው ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በመደብር መብራት ሥር፣ በመልክና በዋጋ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ንጣፎቹ ከምን እንደ ተሠሩና ይህ በማዕድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስከትል ለመመልከት እንሞክራለን።

በእብነ በረድ እንጀምር። እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ በከርሠ ምድር ሙቀትና ግፊት ተለውጦ የሚገኝ ሲሆን፣ ዋና ይዘቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ከዳሌቲ የሚወጣውን የመሰለ እብነ በረድ ለደረጃና ለሳሎን ወለል እጅግ ያማረ ነው። ማዕድ ቤት ግን የአሲድ ቤት ነው። በሎሚ ውስጥ ሲትሪክ አሲድ፣ በኮምጣጤ ውስጥ አሴቲክ አሲድ፣ በቦካ የእንጀራ ሊጥ ውስጥ ደግሞ ላክቲክ አሲድ ይገኛል። እነዚህ ካርቦኔቱን ሲነኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተለቀቀ የድንጋዩ ገጽ በጥቂቱ ይሟሟል፤ አንጸባራቂነቱም ይጠፋል። የሚቀረው ደብዛዛ ምልክት ራሱ የድንጋዩ ጉዳት እንጂ እድፍ አይደለምና በሳሙና ቢፈተግ አይለቅም፤ መፍትሔው ገጹን እንደገና በማሽን ማለስለስ ነው። በድንጋዩ ላይ የሚቀባው መከላከያ ዘይትና እርድ ወደ ውስጥ እንዳይሰርጉ ይረዳል እንጂ አሲዱን አያግድም። ሲሚንቶም በአሲድ የሚጠቃ በመሆኑ ሊሾና ቴራዞ ከዚሁ ችግር ነጻ አይደሉም።

ግራናይት የተለየ ነው። የተገነባው በአብዛኛው ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ስለሆነ የማዕድ ቤት አሲድ አይጎዳውም። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ የእብነ በረዱ ካልሳይት 3፣ ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዝ 7 ነው፤ የብረት ቢላዋ ከ5 እስከ 6 ባለው መካከል ይወድቃል። ስለዚህ ቢላዋ እብነ በረድን ይጭራል፤ በግራናይት ላይ ግን የሚዶለዱመው ቢላዋው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ፤ በገበያ «ጥቁር ግራናይት» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በጂኦሎጂ ቋንቋ ጋብሮ ወይም ዶለራይት ነው። ይህ ገዢውን ሊያሳስበው አይገባም፤ ለማዕድ ቤት ጥሩ ድንጋይ ነውና። የሚያሳስበው በግራናይት ስም እብነ በረድ መግዛት ነው። ይህን ለመለየት ከሻጩ ቁራጭ ጠይቆ በለሰለሰው ገጽ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግና ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ መጥረግ ይበቃል። ወዙ ከደበዘዘ ድንጋዩ ካርቦኔት አለበት።

ለወለል አሲድ ብቻውን መመዘኛ አይሆንም፤ ውኃ የመምጠጥ ባሕርይና ማንሸራተትም ይታያሉ። በዓለም አቀፉ የደረጃ ምደባ ፖርስሊን የሚባለው ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ ያልበለጠ ውኃ የሚመጥ ነው፤ የግድግዳ ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ሊመጥ ይችላል፤ ጥንካሬውም አነስተኛ ነው። ዋጋው ስለ ረከሰ ብቻ የግድግዳውን ወለል ላይ ማንጠፍ ገንዘብ መጣል ነው። እንደ መስተዋት የሚያበራ ወለልም ዘይትና ውኃ ሲፈስበት ያዳልጣል፤ ትኩስ ድስት ተሸክሞ ለሚመላለስ ሰው ሻካራው ይሻላል ባዮች ነን።

በመጨረሻ ወደ ጠረጴዛው ተመልሰን ሰው ሠራሹን የኳርትዝ ድንጋይ እንመልከት። ይህ የተፈጨ ኳርትዝ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ሲሆን፣ እድፍ አይዝም፤ አሲድም አይፈራም። ከእሳት የወረደ ድስት በቀጥታ ሲቀመጥበት ግን ሙጫው ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው በባለቤቱ ላይ ሳይሆን በቆራጩ ላይ ነው። ብዙው የዚህ ዓይነት ድንጋይ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ የያዘ ነበር። በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው ዐይን የማያየው ብናኝ ወደ ሳምባ ጥልቅ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለውን፣ ፈውስ ያልተገኘለትን በሽታ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በእስራኤል ለሳምባ ንቅለ ተከላ ምርመራ የተላኩ 25 የዚህ ሙያ ሠራተኞችን ጉዳይ ዘግቧል። አውስትራሊያም ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድንጋዩ እንዳይመረት፣ እንዳይቀርብና እንዳይገጠም አግዳለች።

ግራናይትም ሲሊካ አለው፤ መጠኑ ግን በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ የትኛውም ድንጋይ ቢመረጥ፣ የእቃ ማጠቢያው ቀዳዳ በግቢያችን ውስጥ በደረቁ ሊቆረጥ ሲል ማሽኑ ውኃ የሚረጭ መሆኑን፣ ሠራተኛውም ለብናኝ የተሠራ ጭንብል ማድረጉን ከክፍያው በፊት መጠየቅ ይቻላል። በአፍንጫ ላይ የታሰረ ሻሽ ይህን ብናኝ አያግድም።